የሚነድ ቤት ይሸጣል

አንዳንድ ሰው ከሥራ ደክሞት ሲገባ ሽጉጥ የሚያንጣጣ፣ መኪና የሚያበር፣ በመጨረሻም ቆንጆዋን ይዞ የሚሄድ ጀግና ማየት ይወዳል። ጤነኛ ሰው ነው። እኔ ግን ከሥራ ደክሞኝ ስገባ የምመርጠው ፀጉሩ የሳሳ፣ ላቡ የሚንቆረቆር ሰውዬ ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ፣ አንዲት መስመር ሳይጽፍ ሲያመሽ ማየት ነው። እንዲህ ያለ ምርጫ ያለን ሰዎች ቁጥራችን ቀላል አይደለም። በየጋዜጣው፣ በየማስታወቂያ ድርጅቱ፣ በየቲያትር ቤቱ ጓሮ ተበትነን እንገኛለን። የምንተዋወቀውም ከዓይናችን ሥር ባለው ጥቁረት ነው።

ፊልሞቹ የሚመሳሰሉበት ነገር አላቸው። ዋናው ሰውዬ ከያኒ ነው፤ ደራሲ ወይ የቲያትር አዘጋጅ ወይ አሻንጉሊት በክር እየጎተተ የሚያጫውት። ሥራው አልወጣ ብሎታል። ይጨነቃል። ሲጨነቅ በዙሪያው ያለው ዓለም ቀስ በቀስ መልኩን ይስታል፣ ሕልም ሕልም ይሸታል። ከእሱ በቀር ግን ማንም አይገረምም። እኛ ተመልካቾች ልናዝንለት ተዘጋጅተን እንስቃለን፤ ከሳቅን በኋላ ደግሞ «ቆይ፣ ምኑ ነው ያሳቀኝ?» ብለን እንደነግጣለን።

የዚህ ሰፈር አድባር አሜሪካዊው የፊልም ጸሐፊ ቻርሊ ካውፍማን ነው። ሱዛን ኦርሊን የተባለች ጋዜጠኛ በፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ብርቅ የኦርኪድ አበባ ስለሚሰርቅ ሰው መጽሐፍ ጻፈች። ካውፍማን ይህን መጽሐፍ ወደ ፊልም እንዲለውጥ ሥራ ተቀበለ። መጽሐፉ ያምራል፤ ችግሩ፣ አበባ መኪና አያሳድድም። ሰውዬው ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ እንደገና ተቀመጠ፣ አልሆነም። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ገንዘቡን ይመልሳል ወይ ስልኩን ያጠፋል። (እኛ ጋ የሚዘወተረው ሁለተኛው ነው።) ካውፍማን ግን ራሱን ድርሰቱ ውስጥ ከተተ፤ መጽሐፉን ወደ ፊልም መለወጥ ስላቃተው ቻርሊ ካውፍማን ስለሚባል ጸሐፊ ጻፈ። ይሄ አልበቃው ብሎ በእውን የሌለውን ዶናልድ የተባለ መንታ ወንድም ፈጠረ፣ ስሙንም ከራሱ ስም ጎን በደራሲነት አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2002 «አዳፕቴሽን» ተብሎ ወጣ፣ ኒኮላስ ኬጅም ሁለቱንም መንትዮች ሆኖ ተጫወተ። ድርሰቱ ለኦስካር ሲታጭ ዶናልድ ካውፍማንም አብሮ ታጨ። እኛ ጋ መታወቂያ የሌለው ሰው የስልክ ሲም እንኳ አያወጣም፤ እዚያ ያልተወለደ ሰው ለኦስካር ይታጫል። አለማሸነፉ ደግ ሆነ፤ ሐውልቱን ማን ፈርሞ ይረከብ ነበር?

ይህን ፊልም ከአክስቴ ጋር ነው ያየሁት። እቴቴ ነው የምላት። በአማርኛ የተመለሰው የቱርክ ድራማዋ ሲያልቅ ሶፋውን ስለማትለቅ፣ ከእኔ ፊልም ግማሹን ሳትወድ በግድ ታያለች።

«ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«እየጻፈ ነው፣ እቴቴ።»

«የታለ? ተጎልቷል እንጂ!»

«ለመጻፍ እየተዘጋጀ ነው።»

«እንዳንተ ነዋ!»

ዝም አልኳት። በዚያው ቅጽበት ሰውዬው ጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጦ በሆዱ ክርክር ገጥሟል፤ ቡና ቢጠጣ ሐሳቡ ይመጣለት ይሆን፣ ወይስ መጀመሪያ ትንሽ ጽፎ ቡናውን ለራሱ ሽልማት ቢያደርገው ይሻላል፣ ከቡናው ጋርስ ምን ዓይነት ኬክ ቢበላ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ወረቀቱ ነጭ ነው። በዓለም ላይ እንደዚያ ትዕይንት አድርጎ የመጻፍን ሥራ በትክክል ያሳየ ያለ አይመስለኝም። እቴቴ ግን አንጀቷ ተላወሰ።

«ቡና ካማረው ለምን አያፈሉለትም? ሰው የለውም?»

«የለውም።»

«እሱ ነዋ በሽታው!»

መንትያው ዶናልድ ሲመጣ ፊቷ ፈካ። ዶናልድ ሥራ ፈት ነው፣ የወንድሙ ቤት ወለል ላይ ይንጋለላል፣ ግን ይስቃል፤ ሴቶችም ይወዱታል። እሱም በተራው ፊልም ልጻፍ ይልና ገዳዩም፣ ሟቿም፣ ፖሊሱም አንድ ሰው የሆኑበት ትርኪ ምርኪ ይጽፋል። በብዙ ገንዘብ ይሸጥለታል። ቻርሊ ጨጓራው ይነድዳል። እቴቴ ወዲያው ለዶናልድ ፈረደች። «ተመልከት፣ የማይጨነቅ ሰው ያገኛል» አለች፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፤ ነገሩ ግን ለእኔ ነበር።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ እኛ ጭንቀታሞች እነዚህን ፊልሞች ለምን እንደምንወድ የሚገባው። እኛ አገር «ጨነቀኝ» ያለ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ የምክር ዶፍ ይወርድበታል። ጸበል ግባ። ሚስት አግባ። ጂም ግባ። ቡና ቀንስ። ቡና ጨምር። ስልክህን አታብዛ። «እኔ የማውቀው አንድ ልጅ ልክ እንዳንተ ሲያደርገው ቆይቶ...» ተብሎ የሚጀመርም አለ፤ ልጁ በመጨረሻ ወይ ካናዳ ገብቷል ወይ ሞቷል፣ መካከለኛ መጨረሻ የለውም። መካሪው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሌላው ጭንቀት ያስጨንቀዋል፣ ቶሎ ዘግቶት ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። የካውፍማን ፊልም ግን አይመክርም። አጠገባችን ቁጭ ይልና «አዎ፣ እንዲህ ነው፤ እንዲያውም ከዚህ ይብሳል፣ ቆይ ላሳይህ» ይላል። ጭንቀታም ሰው እንዲህ የሚለው ወዳጅ ካገኘ በፍቅር ይወድቃል።

ደግሞስ ፊልሙ ራሱ በምክር ምን ሲያደርግ እንዳየን እንርሳ እንዴ! ቻርሊ ግራ ሲገባው ሮበርት መኪ ወደሚባል የፊልም ድርሰት አስተማሪ ይሄዳል። መኪ በእውን ያለ ስመ ጥር አስተማሪ ነው፤ በፊልሙ ላይ ብራያን ኮክስ እሱን ሆኖ ይጫወታል። ቻርሊ እጁን አውጥቶ፣ ልክ እንደ ኑሮ ብዙም ነገር የማይፈጠርበት ታሪክ ብጽፍስ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ጩኸት ነው። ሰው በየቀኑ እየተገደለ፣ እየተፋቀረ፣ እየተካካደ ባለበት ዓለም ምንም አይፈጠርም ስትል አታፍርም ወይ ተብሎ በሕዝብ ፊት ይቀጠቀጣል። («ደግ አደረገው!» እቴቴ ናት።) ከዚህ በኋላ ፊልሙ ምክሩን ቃል በቃል ይፈጽማል። ያቺ ጨዋ ጋዜጠኛ፣ ሜሪል ስትሪፕ የምትጫወታት፣ አደንዛዥ ዕፅ ትጀምራለች፤ ሽጉጥ ይመዘዛል፣ ረግረጉ ውስጥ ማሳደድ ይመጣል፣ አዞ ሳይቀር ይገባበታል። እውነተኛዋ ሱዛን ኦርሊን ድርሰቱን መጀመሪያ ስታነብ መደንገጧን በኋላ ተናግራለች፤ ሆኖም ስሟን ፈቀደች። እንግዲህ ካውፍማን በምክሩ እያሾፈ ነው ወይስ ተሸንፎ ተቀብሎታል? ሁለቱም ነው። ምክርን ሙሉ ለሙሉ ከመፈጸም የበለጠ ማሾፊያ የለም፤ አማትህ ያለችህን ሁሉ አድርገህ ውጤቱን አሳያት።

ሁለተኛው ውለታቸው ጭንቀትን የሚታይና የሚዳሰስ ማድረጋቸው ነው። ጭንቀት ክፋቱ መልክ የለውም። ሐኪም ዘንድ ሄደህ «የት ጋ ነው?» ስትባል እጅህ ከደረት ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ማጅራት ይንከራተታል። እነዚህ ፊልሞች አድራሻ ይሰጡታል። ካውፍማን በጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው «ቢኢንግ ጆን ማልኮቪች» ላይ ገበያ ያጣው የአሻንጉሊት ከያኒ ቢሮ ውስጥ ፋይል ለመደርደር ይቀጠራል። ቢሮው የሚገኘው ሰባት ተኩልኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱን በሰባትና በስምንት መካከል አስቁሞ በብረት ፈልቅቆ መውጣት ነው። ጣሪያው ዝቅተኛ በመሆኑ ሠራተኛው ሁሉ ጎብጦ ይሄዳል፣ ጎብጦ ያወራል፣ ጎብጦ ይሽኮረመማል። ማንም አያማርርም፤ ኪራዩ ርካሽ ነዋ! በጠዋት ሚኒባስ ታክሲ ላይ በሩ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ «ችግር የለም፣ ቅርብ ነኝ» እያለ ከሜክሲኮ ሳሪስ የደረሰ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት የፊልም ሃያሲ አያስፈልገውም። ጎብጠን መኖርን ለምደነዋል፤ ፊልሙ ያደረገው ጣሪያውን ማሳየት ብቻ ነው።

ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ ትንሽ በር አለች። በሷ የገባ ሰው ተዋናዩ ጆን ማልኮቪች ጭንቅላት ውስጥ ለ15 ደቂቃ ይቆይና ከኒው ዮርክ ወጣ ብሎ ካለ አውራ ጎዳና ዳር ይወረወራል። ሰዎቹ ነገሩን ያዩት በፍልስፍና ዓይን አይደለም፤ ለሰው 200 ዶላር እያስከፈሉ ሌሊት ሌሊት ያስገቡ ጀመር። ሕዝቡም ተሰለፈ። እስቲ አስቡት፣ 15 ደቂቃ ከራስ መገላገል! ማልኮቪች ራሱ ጉዱን ሰምቶ መጣና በበሯ ገባ። የራሱ ጭንቅላት ውስጥ የገባ ሰው ያገኘው ምን መሰላችሁ? ሬስቶራንት ሙሉ ማልኮቪች። አስተናጋጁ ማልኮቪች፣ ተመጋቢዋ ማልኮቪች፣ ምግብ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ማልኮቪች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ ስለ ራሱ ብቻ ሲያስብ ያደረ ሰው ያንን ሬስቶራንት ያውቀዋል፤ ደንበኛው ነው።

የእቴቴ ግን ሌላ ነው። እሷን የገዛት «ሲኔክዶኪ፣ ኒው ዮርክ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ካውፍማን ራሱ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ፊልሙ። ሄዘል የምትባል ቲኬት ቆራጭ ቤት ልትገዛ ትሄዳለች። ደላላዋ ክፍሎቹን እየዞረች ታስጎበኛታለች። ቤቱ እየነደደ ነው። እሳቱ ከግድግዳው ላይ ይንበለበላል፣ ጭሱ ጣሪያውን ሞልቷል። ሄዘል ቤቱን ወዳዋለች፤ ትንሽ ያሳሰባት በእሳት መሞቱ ነው። ደላላዋም አዎ፣ እንዴት መሞት እንዳለብን መወሰን ትልቅ ጉዳይ ነው ዓይነት መልስ ሰጥታ ጉብኝቱን ትቀጥላለች።

ለእቴቴ ምሳሌያዊነቱን ላብራራላት ጉሮሮዬን ስጠርግ ቀደመችኝ። «ቤት ከተገኘ እሳቱ ምን ይጠበስ? ስንት ዓመት ተመዝግባ ይሆናል!» የኮንዶሚኒየም ዕጣ ስትጠብቅ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ እሳቱን አይታ ስፋቱን ጠየቀች። ልብ በሉ፣ ፊልሙን ከሃያሲዎቹ ይልቅ ያገኘችው እሷ ናት። ሄዘል በዚያ ቤት ዓመታት ኖረች፣ አገባች፣ ወለደች፣ እሳቱም ሁሌ እንደነደደ ነው። የሞተችው ካረጀች በኋላ ነው፤ በጭሱ። ሁላችንም የሚገድለንን ነገር እያወቅን ተፈራርመን ገብተንበታል፣ መጋረጃም ሰቅለንለታል። ይህን በስብከት ቢነግሩን እናዛጋለን። ደላላ ሲያስጎበኘን ግን ሳቃችን ይመጣል፣ ከሳቁ ጋርም እውነቱ ገብቶ ያርፋል።

የዚያው ፊልም ዋና ሰው፣ ፊሊፕ ሲይሞር ሆፍማን የሚጫወተው የቲያትር አዘጋጅ፣ ትልቅ የገንዘብ ሽልማት ያገኝና እውነተኛ ነገር ልሥራ ብሎ ግዙፍ መጋዘን ውስጥ ከተማውን ይገነባል። ለራሱ የሚሆን ተዋናይ ይቀጥራል። ያንን ተዋናይ የሚጫወት ሌላ ተዋናይ ይጨመራል። መጋዘኑ ውስጥ ሌላ መጋዘን ይሠራል። ልምምዱ አያልቅም፤ ከ17 ዓመት በኋላ አንዱ ተዋናይ ተመልካች የሚገባው መቼ ነው ብሎ ይጠይቃል። «የመንግሥት ነው?» አለች እቴቴ። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሲገባ ከወጪው ጥቂቱን ብቻ መለሰ። ታላቁ ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ግን የአሥር ዓመቱ ምርጥ ፊልም ብሎ ሰየመው። ጭንቀታም ከያኒ ከዚህ የተሻለ ዜና አይፈልግም፤ ኪሳራም ክብርም በአንድ ላይ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆናል። እነዚህ ፊልሞች ከያኒውን አይሸነግሉም። ቢሸነግሉት ኖሮ አንድ ሳምንት ወደናቸው እንሰለቻቸው ነበር። ጆኤልና ኢታን ኮኤን የተባሉት ወንድማማቾች አንድ ሌላ ድርሰት እየጻፉ ሳለ ነገሩ ተወሳስቦባቸው ያቆሙና በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ መጻፍ ስላቃተው ደራሲ ይጽፋሉ። «ባርተን ፊንክ» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የወርቅ ዘንባባውንም፣ የምርጥ አዘጋጁንም፣ የምርጥ ተዋናዩንም ሽልማት ጠራርጎ ወሰደ። ባርተን ስለ ተራው ሰው የሚቆረቆር የኒው ዮርክ የቲያትር ደራሲ ነው። ሆሊውድ ይወሰድና የትግል ስፖርት ፊልም ጻፍ ይባላል። ሆቴሉ ይሞቃል፣ የግድግዳው ወረቀት ሙጫው እያለቀሰ ይላቀቃል፣ አንዲት ወባ ትንኝ እንቅልፍ ትነሣዋለች። በጎረቤት ክፍል የሚኖረው ወፍራም የኢንሹራንስ ሻጭ፣ ጆን ጉድማን የሚጫወተው፣ እየደጋገመ ስንት ታሪክ ላወራህ እችል ነበር ይለዋል። ተራው ሰው በገዛ እግሩ አልጋው ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀምጧል! ባርተን ግን ስለ ተራው ሰው ንግግር እያደረገ ስለሆነ አልሰማውም። ጎረቤቱ በኋላ ምን ሆኖ እንደተገኘ አልነግራችሁም፤ ቢሰማው ኖሮ ግን ጥሩ ፊልም ይወጣው እንደነበር እወቁ።

ይኼ ይቆረቁራል። ከያኒ ነኝ የሚል ሁሉ ቢያንስ አንድ ጎረቤት አለው ያላዳመጠው። ጭንቀት ከሩቅ ሲያዩት ጥልቀት ይመስላል፣ ጠጋ ሲሉት ብዙውን ጊዜ ስለ ራስ ብቻ ማሰብ ነው። ፊልሞቹ ይህንን እየነገሩን የማንቀየመው አብረውን ጥፋተኛው ወንበር ላይ ስለሚቀመጡ ነው፤ ካውፍማን ያዋረደው ሌላውን አይደለም፣ በገዛ ስሙ ቻርሊ ካውፍማንን ነው።

«ይኼ የፈረንጅ ጥጋብ ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ እንጃ። እኛ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወትን የምናመሽ፣ ሟቹ ቢሰማ የሚፈነዳበትን ቀልድ በሟቹ ላይ የምንቀልድ፣ ከዚያ ደግሞ አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ ፊታችንን በቅጽበት የምንከሰክስ ሕዝብ ነን። የጨለማ ቀልድ ከውጭ አይገባልንም። ሕልም መሰሉም ቢሆን ባዳ አይደለም። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ክራምብስ» እዚሁ ኢትዮጵያ ተቀርጾ በአማርኛ ይነገራል። ዓለም አልቃለች፣ ዝገት የበላው የጠፈር መርከብ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ሰውዬ ውድቅዳቂ እየለቀመ ይኖራል፤ ሰላም ተስፋዬ ከምትጫወታት ሴት ጋር የሚኖረው የተተወ ቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ውስጥ ነው፣ እሷም ለማይክል ጆርዳን ትጸልያለች። አንድ ቀን የቦውሊንግ ማሽኑ በራሱ ሲነሣ ሰውዬው ደንግጦ የገና አባትን ፍለጋ ይወጣል። ፈሪ፣ ተጠራጣሪ፣ ሆኖም ተነሥቶ የሚሄድ ጀግና ነው። በአማርኛ ሲፈራ ስሰማው ከዘመዶቼ አንዱ መሰለኝ።

የሁሉም አባት ግን ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ፌሊኒ ነው። ለአዲሱ ፊልሙ ገንዘቡም፣ ተዋናዮቹም፣ ባለሙያዎቹም ተሰብስበው ሳለ ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ጠፋበት። እሱም ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ስለጠፋበት አዘጋጅ ሠራ። ከዚያ በፊት የሠራቸውን ቆጥሮ፣ በጋራ የሠራውንና አጫጭሮቹን በግማሽ ይዞ፣ አዲሱንም ጨምሮ፣ ርእሱን «ስምንት ተኩል» አለው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1963 ነው። (ፎቁ ሰባት ተኩል፣ ፊልሙ ስምንት ተኩል፤ እነዚህ ሰዎች ድፍን ቁጥር አይሆንላቸውም።) ማርቼሎ ማስትሮያኒ የሚጫወተው አዘጋጅ ፕሮዲዩሰሩ ግዙፍ የሮኬት መወንጨፊያ እያሠራለት፣ ጋዜጠኛው ከቦት ጥያቄ እያዥጎደጎደበት፣ መልስ ሲያጣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ፌሊኒ ቀረጻው ላይ ካሜራው አጠገብ አንዲት ማስታወሻ ለጥፎ ነበር ይባላል፤ ፊልሙ አስቂኝ መሆኑን እንዳይረሳ የምታሳስብ።

ሰውዬው ለምን ማስታወሻ አስፈለገው? ጠረጴዛ ሥር ላለው ሰው ነገሩ አያስቅማ! የሚያስቀው ካሜራው ካለበት ሆኖ ለሚያየው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ጭንቀታም ሰው ግን ብቻውን አይሻገረውም። ፊልሞቹ የሚያደርጉልን ይህንኑ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ጎትተው አውጥተው ካሜራው ጋ ያስቀምጡናል፣ ገና እዚያ ሥር የተደበቀውን ሰውዬም ያሳዩናል። ችግሩ አልተፈታም። ሥራው አላለቀም። ብቻ ሰውዬው ሲታይ ያስቃል፤ እንዲያውም ትንሽ ያሳሳል።

ለጀማሪ እንግዲህ በማልኮቪች ጀምሩ፤ ሰው አያባርርም። «ሲኔክዶኪ»ን ራታችሁን ሳትበሉ አትዩት፣ በተለይ ሕመም ሕመም የሚላችሁ ከሆናችሁ፤ የሰውዬው በሽታ ይጋባል። «ባርተን ፊንክ»ን ሆቴል አልጋ ላይ አትሞክሩት። «አዳፕቴሽን»ን ደግሞ ጽሑፍ ማስረከቢያችሁ ዋዜማ ላይ ፈጽሞ እንዳትከፍቱት፤ ምክንያቱም ማየቱን ራሱን እንደ ሥራ ትቆጥሩታላችሁ። እኔ ቆጥሬዋለሁ። የሚቀረኝ አዘጋጄን ማሳመን ነው፤ እሱ ደግሞ ዶናልድን ነው የሚወደው።